በድንጋይና በድንጋይ መካከል
ከደባርቅ ተነሥቶ በዳባት በኩል ወደ ጎንደር የሚወርድ መንገደኛ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ ጥቁሩ ድንጋይ አይለየውም። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ቀልጦ የፈሰሰ ባሳልት ነው። የጎንደር ግንቦች በእሱ ተሠሩ፤ በጥምቀት ሕዝብ የሚከበው የአፄ ፋሲል መዋኛም እንዲሁ።

አፄ ፋሲል የነገሡት እ.ኤ.አ. ከ1632 እስከ 1667 ነው። በስማቸው የሚጠራው ገንዳ ዛሬም በየዓመቱ ከቀሃ ወንዝ በቦይ በሚመጣ ውኃ ይሞላል። እንዲህ አርጅቶ ሥራ ያልፈታ ሕንፃ በየአገሩ አለ፤ በፈረንሳይዋ ኦራንዥ ከተማ ያለው የሮማውያን ቴአትር ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ በየበጋው ኦፔራ ይቀርብበታል።

እኔን የሚደንቀኝ ድንጋዮቹን ያያያዘው ቡኬት ነው። የጎንደር ግንበኞች የተጠቀሙት ኖራ ነበር። የኖራ ድንጋይ በ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይለቃል። በውኃ ከሟሸ በኋላ ከአሸዋ ጋር ተቦክቶ ግንብ ውስጥ ሲገባ ያንኑ ጋዝ ከአየር ቀስ እያለ መልሶ ይስባል፣ ይደርቃልም። ደርቆም ለስለስ ያለና ቀዳዳው የበዛ ነው። ግድግዳው የጠጣው እርጥበት በእሱ በኩል ይወጣል፤ ግንቡ ጥቂት ሲንቀሳቀስ እሱ ተሰንጥቆ ድንጋዩን ያተርፋል። የዝናብ ውኃ ያሟሟው ኖራ ደግሞ ስንጥቁ ውስጥ እየረጋ ይደፍነዋል። በየዓመቱ ለሚሞላና ለሚደርቅ ገንዳ ከዚህ የተሻለ አይገኝም።

ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ሲጠግኑ ሲሚንቶና አርማታ ጨመሩበት። ጥንካሬው ራሱ ጣጣ ነው። መውጫ ያጣው እርጥበት በድንጋዩ በኩል ይተንና ጨው ይተዋል፤ ጨው ሲጠጥር የድንጋዩን ፊት ይልጣል። በአርማታው ውስጥ ያለው ብረትም ሲዝግ ያብጣል። እ.ኤ.አ. ከ1978 ወዲህ በተደረገው እድሳት ይኸው ተነሥቶ ኖራ ተመለሰ።

ለተመልካቹ ግን ኖራ አይደርስለትም። በ2012 ዓ.ም. ጥምቀት በመዋኛው ግቢ የተሠራ የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞቱ። የማንኛውም ርብራብ ፈተና አንድ ነው፦ የተቀመጠ ሕዝብ ወደ ታች ይጫናል፤ ተነሥቶ የሚያሸበሽብ ሕዝብ ግን ወደ ጎንም ይገፋል። ያን ግፊት የሚችለው በሰያፍ የታሰረ እንጨት ነው፤ ቋሚው ቢወፍር ብቻውን አያቆመውም።

ሮማውያንም ይህን በደም ተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ27 በሮም አጠገብ በነበረችው በፊደኔ ከተማ የእንጨት አምፊቴአትር ሲደረመስ 50,000 ሰው እንደሞተ ወይም እንደቆሰለ ሮማዊው የታሪክ ጸሐፊ ታሲተስ ጽፏል። የሮም ምክር ቤት ከዚያ ወዲያ ሀብቱ ከ400,000 ሴስተርስ የሚያንስ ሰው ትርዒት እንዳያዘጋጅ፣ የመሬቱ ጽናት ሳይረጋገጥም አምፊቴአትር እንዳይቆም ደነገገ።