በጉባኤና በጉባኤ መካከል፦ የአንኮበር ሰው የክልል ምክር ቤት ተወካይ

የአንኮበር ገበሬ መሬቱን የሚያከራየው፣ ለልጁ የሚያወርሰው፣ ከባለቤቱ ጋር በአንድ የይዞታ ደብተር ላይ ስሙን የሚያስመዘግበው ባሕር ዳር ላይ በጸደቀ ሕግ ነው። የአማራ ክልል ምክር ቤት በ1998 ዓ.ም. የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 133ን፣ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ እሱን የተካውን አዋጅ ቁጥር 252ን ሲያጸድቅ በእያንዳንዱ የገበሬ ቤት ኑሮ ላይ ወስኗል። የጋብቻ ዕድሜ፣ የፍቺና የንብረት ክፍፍል ጉዳይም የሚዳኘው ይኸው ምክር ቤት በ1995 ዓ.ም. ባወጣው የቤተሰብ ሕግ ነው። ይህን ሁሉ እጁን አውጥቶ የሚያጸድቀው ሰው ግን ብዙ ጊዜ በመራጩ ዘንድ አይታወቅም። መራጩ የቀበሌውን ሊቀ መንበር በስምና በመልክ፣ ርዕሰ መስተዳድሩን በቴሌቪዥን ያውቃል፤ በሁለቱ መካከል ያለው የራሱ ተወካይ ከዓይኑ ይሰወርበታል። በሕግ ላይ ይህን ያህል ሥልጣን ያለው ተመራጭ በወከለው ሕዝብ ዘንድ ይህን ያህል ሳይታወቅ መቅረቱ ትልቅ ጉድለት ነው።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 የክልል ምክር ቤትን በክልሉ ውስጥ የመንግሥት ሥልጣን የበላይ አካል ያደርገዋል፤ ተጠሪነቱንም ለወከለው ሕዝብ ይሰጣል። የአማራ ክልል ምክር ቤት 294 መቀመጫዎች አሉት። ክልሉ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚልካቸው አባላት 138 ስለሆኑ ለአንድ የፌዴራል ተመራጭ በአማካይ ሁለት የክልል ተመራጮች ይደርሳሉ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ 17 ሚሊዮን 200 ሺህ ገደማ ነበር፤ ለ294 ሲካፈል አንድ ተወካይ በ58 ሺህ ተኩል ያህል ሰው ስም ይናገራል ማለት ነው። አንኮበር ወረዳ ያኔ ከ76 ሺህ በላይ ነዋሪ ነበረው። ይህ ምክር ቤት በመደበኛ ጉባኤ የሚሰበሰበው በዓመት ጥቂት ጊዜ ሲሆን እያንዳንዱ ጉባኤም የሚቆየው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው። እንግዲህ ተወካይነት የስብሰባ ቀን ሥራ ነው ካልን አብዛኛው ዓመት ባዶ ይቀራል። በእኔ እምነት ሥራው የሚጀምረው ጉባኤው ሲበተን ነው፤ ተወካዩም መመዘን ያለበት ወደ መራጩ ተመልሶ ባየው፣ በጠየቀውና ወደ ባሕር ዳር ይዞ በወጣው እውነት ነው።

ለምን ቢባል፣ ከአንኮበር ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ሰው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ደብረ ብርሃን ይደርሳል፤ ከዚያ ወይ በአዲስ አበባና በዓባይ በረሃ በኩል ይዞራል፣ ወይ ጣርማበርን ተሻግሮ የደሴን መንገድ ይይዛል። በዚህ ርቀት የተነሳ የክልሉ ቢሮዎች ስለ ወረዳው የሚያውቁት አብዛኛው ነገር በሪፖርት የመጣ ነው። ሪፖርቱን የሚጽፈው ደግሞ ሥራውን የሠራው መሥሪያ ቤት ራሱ ነው፤ ጽሑፉ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል በወጣ ቁጥር እየተጠቀለለ ይሄዳል። በአንኮበር ላይ ይህ ጥቅልል ብዙ ነገር ይሰውራል። የወረዳው ከተማ ጎረቤላ ያለው ደጋ ላይ ነው፤ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ምድሩ ገደል ለገደል እየወረደ አልዩ አምባን አልፎ እስከ አፋር ክልል ወሰን ይዘልቃል። በአንድ ወረዳ ውስጥ ገብስና ባቄላ የሚዘራ ደገኛና ማሽላ የሚዘራ ቆለኛ፣ ክርስቲያንና ሙስሊም፣ አማራና አርጎባ ይኖራሉ። ደገኛው ውርጭን ሲፈራ ቆለኛው የዝናብ መጥፋትን ይፈራል፤ አንዱ የግጦሽ መጣበብ ሲያስጨንቀው ሌላው ከአፋር ጎረቤቱ ጋር ያለው ሰላም ያስጨንቀዋል። የወረዳው አማካይ ምርት ጥሩ ነው ተብሎ በሚጻፍበት ዓመት በቆላ ቀበሌዎች ረሃብ ሊኖር ይችላል። ይህን በእግሩ ወርዶ አይቶ፣ ከአስፈጻሚው ብዕር ውጭ የሆነ ዕውቀት ይዞ ወደ ምክር ቤቱ እንዲገባ ሕግ ሥልጣንና ግዴታ የሰጠው ተመራጩን ነው።

ይህ ዕውቀት ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ለበጀት ነው። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የወረዳ ያልተማከለ አስተዳደር ለውጥ ክልሉ ለየወረዳው በቀመር የተሠላ ጥቅል በጀት ይመድባል፤ የወረዳው ምክር ቤት ደግሞ ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለግብርና፣ ለውኃና ለሌሎች ሥራዎች ይደለድለዋል። ነገር ግን የገጠር ወረዳ በጀት አብዛኛው የሚሄደው ለደመወዝ ነው። የመምህሩ፣ የጤና ባለሙያውና የግብርና ሠራተኛው ክፍያ ከተነሳለት በኋላ ለሥራ ማስኬጃና ለግንባታ የሚተርፈው ትንሽ ነው። አንድ ቀበሌ የእጅ ፓምፑ ተበላሽቶ ሴቶች ወንዝ ሲወርዱ ነገሩ የወረዳው ውኃ ጽሕፈት ቤት ስንፍና መስሎ ይታያል፤ ስንፍናም ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ግን ባለሙያው ቦታው ድረስ የሚወስደው ነዳጅና የሚቀይረው መለዋወጫ በበጀቱ ውስጥ አልነበረም። ተወካዩ እዚህ ላይ አቤቱታውን ተቀብሎ ለወረዳው አስተዳዳሪ ቢያስተላልፍ የደብዳቤ አመላላሽ ከመሆን አያልፍም። ሥራው በወረዳው ያሉት የውኃ ተቋማት ስንት እንደሆኑ፣ ስንቱ ከመቼ ጀምሮ እንደቆሙ፣ የቆሙት በምን ጉድለት እንደሆነ በየቀበሌው ጠይቆ፣ የሌላ ወረዳ ተመራጭ ካመጣው ጋር አስተያይቶ፣ ጉዳዩን በበጀትና በውኃ ላይ ለሚሠራው ቋሚ ኮሚቴ ማቅረብ ነው። በሃምሳ ወረዳዎች የተደገመ ጉድለት የቀመሩ ጉድለት ነው፤ ቀመሩንም ሊያስተካክል የሚችለው ምክር ቤቱ ነው። አንዲት ፓምፕ በልመና ከማስጠገን ይህ ይበልጣል።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ስለሚጀምር ተወካዩ ወደ ምርጫ ክልሉ የሚወርድበት ወቅትም ትርጉም አለው። ዕቅድ ካለቀ በኋላ የሚጠራ የመራጭ ተመራጭ መድረክ ብሶት ከመስማት አያልፍም። ሕዝቡም ማንን ምን እንደሚጠይቅ ማወቅ ይኖርበታል፤ የአገር አቋራጭ አውራ መንገድ የፌዴራል መንግሥት፣ ወረዳን ከወረዳ የሚያገናኘው የክልል፣ የቀበሌው ጥርጊያ ደግሞ የወረዳና የራሱ የነዋሪው ጉዳይ ነው። በአካባቢው ያለው የወፍ ዋሻ ደን አጠባበቅ የክልል ሕግ ይመለከተዋል፤ በደኑ ዳር የሚኖረው ገበሬ ስለ ማገዶና ግጦሽ ያለው ቅሬታም ለክልሉ ተመራጭ መነገር ይገባዋል።

ወደ ባለሥልጣን መጮህ ለአንኮበር አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847 ሸዋን የገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መቀመጫቸው እዚሁ ነበር፤ የተበደለ ሰው ዳገቱን ወጥቶ ‹አቤት› ይላል፣ ንጉሡ ይሰማሉ፣ ይፈርዳሉ። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ምክር ቤት ሲያቋቁም ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪደርስ ድረስ የሕግ መምሪያ አባላትን መኳንንቱና የአካባቢ ሹማምንት እንዲመርጡ አደረገ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ደግሞ ሕዝቡ እንዲመርጥ ሲፈቅድ ዕጩው በምርጫ ክልሉ ነዋሪና ባለንብረት እንዲሆን ጠየቀ። ንብረት ለሌለው ሁሉ በር የዘጋ ድንጋጌ ነበር፤ ከአካባቢው ጋር ያልተሳሰረ ሰው አካባቢውን አይወክልም የሚለው ሐሳቡ ግን ትክክል ነበር። ዛሬ ያ ትስስር የሚገኘው በዕድሩ፣ በሰንበቴው፣ በመስጊዱና በገበያው በመገኘት ነው። ለቅሶ የሚደርስ፣ በሽምግልና የሚቀመጥ ተመራጭ በመድረክ የማይነገረውን ይሰማል። በጉባኤ አዳራሽ ዝም የምትል ሴት በዕድር ግቢ ስለ ይዞታ ደብተሯ ትናገራለች።

እዚህ ላይ የሚነሳው የመጀመሪያው መቃወሚያ ‹ለሕዝቡ የሚጠቅመው መንገድና ውኃ ይዞ የሚመጣ ተወካይ ነው፤ መረጃ ሰብሳቢ አይደለም› የሚል ነው። ፍላጎቱ ተገቢ ነው፤ ችግሩ የሚመጣው ገንዘቡን ተወካዩ ራሱ ሲያከፋፍል ነው። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2003 የምርጫ ክልል ልማት ፈንድ አቋቁማ የፓርላማ አባላትን በገንዘቡ አመዳደብ ውስጥ አስገብታለች። ብዙ የመማሪያ ክፍል ተሠርቶበታል። ነገር ግን ሕግ የሚያወጣውና አስፈጻሚውን የሚቆጣጠረው ሰው ራሱ አስፈጻሚ ሆነ፤ የአገሪቱ የበላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 የ2013ቱን የፈንዱን ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ የሻረው የሥልጣን ክፍፍልን በማፍረሱ ነው። የእኛ ተመራጭ ፈንድ የለውም፤ ቢሆንም በግል ስጦታና በምልጃ ስሙን የሚገነባ ከሆነ ወደዚያው ስህተት ይሄዳል። ለአንዱ ቀበሌ በዝምድና ያስገኘው ትራንስፎርመር ከሌላው ተራ ላይ የተነሳ ነው።

ሁለተኛው መቃወሚያ ይከብዳል፦ ‹ተመራጩ የፓርቲው ነው፤ ምን ቢያይ ምን ይናገራል?› በ2007 ዓ.ም. ምርጫ 294ቱም መቀመጫዎች በአንድ ፓርቲ መያዛቸውን የሚያስታውስ ሰው ይህን ቢል አይፈረድበትም። በእንዲህ ያለ ምክር ቤት ውስጥ ሕግ ውድቅ ማድረግ አይታሰብም። ሆኖም የፓርቲ ዲሲፕሊን በይበልጥ የሚያስረው የድምፅ መስጫውን ሰዓት ነው። አልዩ አምባ ወርዶ ጤና ጣቢያው መድኃኒት እንዳለው መጠየቅን፣ የዋና ኦዲተሩን ሪፖርት ይዞ ለቢሮ ኃላፊው ጥያቄ ማቅረብን የሚከለክል የፓርቲ ደንብ የለም። የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት የተወካዮች ምክር ቤት አባል ተገዥነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ነው ሲል ፓርቲን አልጠቀሰም፤ ይህ መርሕ ለክልል ተመራጭም መለኪያ ሊሆን ይገባል። በማስረጃ የተጠየቀ ኃላፊ ከአንድ ፓርቲ ቢሆንም መልስ መስጠት ይቸግረዋል።

ተወካዩ ጊዜ የለውም የሚሉም አሉ፤ ብዙዎቹ የክልል ተመራጮች መተዳደሪያ ሥራ አላቸው፣ አንዳንዶቹም የመንግሥት ሹመኞች ናቸው። የሌላ ሥራ መኖር ብቻውን እንቅፋት አይሆንም። በአሜሪካ የኒው ሃምፕሸር ክፍለ ግዛት የታችኛው ምክር ቤት 400 አባላት በዓመት 100 ዶላር ብቻ እየተከፈላቸው 1 ሚሊዮን 400 ሺህ ያህል ሕዝብ ይወክላሉ፤ ለአንዱ የሚደርሰው 3,500 ሰው ገደማ ስለሆነ ተወካዩ ለመራጩ ጎረቤቱ ነው። ከ58 ሺህ ሰው በላይ ለሚወክለው የእኛ ተመራጭ ግን የጉዞ አበልና በወረዳው ምክር ቤት ውስጥ አቤቱታ የሚመዘግብለት ሰው ያስፈልገዋል። የቢሮ ኃላፊ ሆኖ በምክር ቤት የሚቀመጠው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ራሱን ሊቆጣጠር አይችልምና፣ በቋሚ ኮሚቴዎች ውስጥ የሚቀመጡት አስፈጻሚ ያልሆኑ አባላት እንዲሆኑ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ ያለው የትጥቅ ግጭት አለ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አሥር ወር ያህል ቆይቷል፤ በዚያ ጊዜ የፌዴራልና የክልል ምክር ቤት አባላትም ታስረዋል። አንኮበር ያለበት ሰሜን ሸዋም ከግጭቱ አላመለጠም። መንገድ በሚዘጋበት፣ መሰብሰብ በሚያስፈራበት ቦታ ተወካዩ ቀበሌ ለቀበሌ ይዙር ማለት ሕይወቱን ይስጥ ማለት ሊሆን ይችላልና ይህን መቃወሚያ ሙሉ በሙሉ የሚመልስ ቃል የለኝም። የምለው ይህን ነው፦ በስልክ፣ በደብረ ብርሃን በተጠለሉ ተፈናቃዮች፣ በሃይማኖት አባቶችና በሽማግሌዎች በኩል መስማት ይቻላል፤ ሕዝቡ በሁለት ጠመንጃ መካከል ሲቆም በስሙ የሚናገር ሰው የሚያስፈልገውም ይበልጡኑ ያኔ ነው።

የፌዴራሉ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. አዲስ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ፣ ቁጥር 1324ን አውጥቷል፤ ክልሎች መሬትን የሚያስተዳድሩት በፌዴራል ሕግ መሠረት በመሆኑ የክልሉም የመሬት ሕግ ከዚህ ጋር መስማማት አለበት። የአንኮበር ሰው ሆይ፣ የተወካይህን ስም የማታውቅ ከሆነ ከወረዳው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ጽሕፈት ቤት ጠይቅ። ስለ ኪራይ፣ ስለ ውርስና ስለ ደብተርህ የምትለውን ሐሳብ ጽፈህ ወይም አስጽፈህ ስጠው፤ የሚቀጥለው በጀት ሐምሌ ላይ ከመጽደቁ በፊትም ወረዳው ድረስ መጥቶ እንዲያነጋግርህ ጠይቀው።