ሦስት መደብ ነጭ ሽንኩርት በበቆጂ ጓሮ

በቆጂ በዓለም ዘንድ የምትታወቀው በሯጮቿ ነው። ደራርቱ ቱሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1992 በባርሴሎና ወርቅ ካጠለቀችበት ቀን ጀምሮ፣ እንግዳ ሁሉ ወደዚህች ከተማ ሲመጣ የሚጠይቀን ስለ ሩጫ ነው። እኛ ግን ዛሬ ለክቡራን አንባብያን የምናቀርበው ስለ ጓሮ፣ ይኸውም ስለ ነጭ ሽንኩርት ነው።

ነጭ ሽንኩርት፣ በኦሮምኛ ቁሉቢ አዲ፣ ብርድ የሚወድ ተክል ነው፤ ራስ ቋጥሮ በፍሬ በፍሬ ለመከፈል ቅዝቃዜ ያስፈልገዋል። ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላላት ለበቆጂም ይህ የሚስማማ ነው። በዐቢይ ጾም ቅቤ ከማዕድ ሲርቅ የሽሮውን ጣዕም የሚሸከመው እርሱ መሆኑን የቤት እመቤቶች ሁሉ ያውቃሉ። እስራኤልም በምድረ በዳ ሳሉ የግብጹን ነጭ ሽንኩርት እያነሡ ማልቀሳቸውን በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 11 እናነባለን። በ1922 በተገኘው በፈርዖን ቱታንክአመን መቃብር ውስጥም የደረቀ ነጭ ሽንኩርት ተገኝቷል።

ይህ ተክል እንደ ስንዴ ከአበባው ዘር አይሰጥም። ከራሱ የተፈለቀቀው ፍሬ ተመልሶ ይተከላል። ስለዚህ የዘንድሮው ተክል ያው የአምናው ተክል ነው ማለት ይቻላል። እናታችን ሙሽራ ሆነው ወደዚህ ቤት ሲገቡ በመቀነታቸው ጫፍ ቋጥረው ያመጡት ነጭ ሽንኩርት እርሳቸው ካረፉ በኋላም በጓሯችን ሲኖር፣ የያዝነው የእጃቸውን ተክል ነበር።

በ2014 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ሦስት መደብ አዘጋጀን። ውኃ እንዳይተኛበት አፈሩን ከፍ አደረግን፤ በረድፍና በረድፍ መካከል 30፣ በፍሬና በፍሬ መካከል 10 ሳንቲ ሜትር ለካን፤ ከእያንዳንዱ ዓይነት ትልልቁን ፍሬ መርጠን ሹል ጫፉን ወደ ላይ አድርገን ተከልን። በመጀመሪያው መደብ የእናታችን ዘር፣ በሁለተኛው በደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ማዕከል ተመርጦ የወጣው ፀደይ 92፣ በሦስተኛው ከገበያ የገዛነው፣ ነጋዴው ከየት እንደ መጣ ያልነገረን ባለ ትልቅ ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ገባ። ዓይን የሚማርከው ይህ ሦስተኛው ነበር።

ኅዳር ላይ ነቅለን በጥላ ካደረቅን በኋላ በሚዛን አየነው። ክብደት ያሸነፈው ፀደይ 92 ነው፤ ዘሩ በእርግጥ የተደከመበት መሆኑን መሰከርንለት። የገበያው ራሱ ጥቂት፣ ቅጠሉም በዋግ የተበላ ሆነ። የእናታችን ራሱ ትንሽ፣ ፍሬው ቀጭን፣ ልጣጩም ጣት የሚያደክም ነው። ነገር ግን ሦስቱን ለየብቻ ወቅጠን ሽሮ ስንሠራ የቤታችን ሰዎች ሳይነገራቸው የእርሱን ለዩት። (የነጭ ሽንኩርት ሽታና ኀይል በፍሬው ውስጥ ተዘጋጅቶ አይቀመጥም፤ ሲወቀጥ በውስጡ ተለያይተው የነበሩ ነገሮች ሲገናኙ ይወለዳል። ስለዚህ ወቅጦ ጥቂት ማቈየት ደግ ነው።) በማከማቸትም እንዲሁ ነው፤ የገበያው በየካቲት ሲያቈጠቍጥ የእናታችን ግን ተጐንጕኖ እንደ ተሰቀለ ሰኔ ደረሰ።

እስከዚህ ድረስ ደስታ ነበር። በ2015 ሰኔ ግን ያንኑ ዘር በዚያው አፈር መልሰን ተከልን። አዝመራ ማፈራረቅን በሰሌዳ ላይ ስንጽፍ የኖርን መምህር ይህን ማድረጋችን ያሳፍረናል። በነሐሴ መጨረሻ የገበያው መደብ በነበረበት በኩል የታችኛው ቅጠል ከጫፉ ጀምሮ ቢጫ ሆነ። እኛም ዝናቡ ነው አልን። መስከረም ላይ አንዱን ብንስበው ያለ አንዳች ተቃውሞ ወጣ፤ ሥሩ በስብሷል፤ ሥሩንም ጥጥ የመሰለ ነጭ ሻጋታ ሸፍኖታል፤ በሻጋታውም ላይ ከጤፍ ፍሬ ያነሱ ጥቋቍር ነቍጦች ተረጭተዋል።

ነጭ አበስብስ የሚሉት በሽታ ይህ ነው። ነቍጦቹ የበሽታው ዘር ናቸው፤ ሽንኩርት ሳያገኙ በአፈር ውስጥ 20 ዓመት መቈየት ይችላሉ፤ ለነጭ ሽንኩርት የሚስማማው ብርድም ለእነርሱ ይስማማቸዋል። ስንዴን፣ ባቄላንና ድንችን አይነኩም፤ የሽንኩርትን ወገን ግን ቀዩንም ነጩንም ያጠፋሉ። የሚተላለፉትም በታመመ ዘር፣ በመቈፈሪያ፣ በጫማ ጭቃም ነው። እኛ ሦስቱን መደብ በአንድ መቈፈሪያ፣ ሳናጥብ፣ ስንኰተኵት ከርመን ነበር። ጥቅምት ሳይጋመስ የእናታችን መደብ አለቀ። የታመመውን ፍግ ውስጥ ሳንጥል ለቅመን አቃጠልነው።

በዚያ ሰሞን ጎረቤታችን እማማ ቡና ሊጠጡ መጥተው ባዶውን መደብ አዩ። «መምህር፣ ምን ያስተክዝሃል? የእናትህ ዘር እኔ ጓሮ አለ» አሉን። ለካ ባለቤታችን ባለፈው ኅዳር፣ በሽታው ከመታየቱ በፊት፣ አንድ ጕንጕን ሰጥታቸው ኖሯል። እርሳቸውም ከበሉት የተረፈውን ሽንኩርት ገብቶበት በማያውቅ መሬት ተክለውታል። ሄደን ጥቂቱን ነቅለን ሥሩን መረመርን፤ ንጹሕ ነው።

ዘር ስንለዋወጥ የምንጠይቀው ስለ ራሱ ትልቅነት ብቻ መሆኑ ስሕተት ነው። ዘሩ ከየትኛው አፈር እንደ ወጣ፣ ባለቤቱም ቅጠሉ ያለ ጊዜው ቢጫ ሲሆን አይቶ እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል። ለመብል የተሸጠውን ደግሞ በመብልነቱ ቢተዉት ይሻላል።

በእኛ ጓሮ አሁን ድንችና ባቄላ በቅለዋል። ነጭ ሽንኩርቱን ከእማማ ጋር በእርሳቸው መሬት በእኩል እንተክላለን፤ ከአጥራቸው ከመግባታችን በፊትም ጫማችንን አውልቀን እግራችንን እንታጠባለን። እርሳቸው ቤተ ክርስቲያን የምንገባ አስመስለነዋል እያሉ ይስቁብናል። ባለፈው ኅዳር የተነቀለው አራት ጕንጕን ሆኖ፣ ሁለቱ በእርሳቸው፣ ሁለቱ በእኛ ማዕድ ቤት ተሰቅሏል።