አንድ መስመር ኮድ፣ አሥራ አምስት መስመር ደብዳቤ

የሙቀት መጠን የሚለካ ትንሽ ሴንሰር አለ እንበል። ሴንሰሩን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ድራይቨሩ፣ ሥራ ሲጀምር ከከርነሉ ጥቂት ሜሞሪ ይበደራል፤ ከዚያ ሴንሰሩን ለማስመዝገብ ይሞክራል። ምዝገባው ካልተሳካ ስህተት መኖሩን ተናግሮ ይወጣል፤ የተበደረውን ሜሞሪ ግን አይመልስም። አንድ ጊዜ ቢሆን ማንም ልብ አይለውም። ሙከራው በየጥቂት ሰከንዱ በሚደጋገምበትና ለወራት ሳይጠፋ በሚሠራ ማሽን ላይ ግን ሜሞሪው ስንጥቅ እንዳለው እንስራ ውሃ ጠብ ጠብ እያለ ያልቃል። መፍትሔው አንድ መስመር ነው፦ ከመውጣትህ በፊት የተበደርከውን መልስ።

ያቺ አንድ መስመር የሊኑክስ ከርነል ውስጥ ለመግባት ረጅም መንገድ ትሄዳለች።

ከርነል የኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት ነው። ፕሮሰሰሩን የትኛው ፕሮግራም፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚይዝ ይወስናል፤ ሜሞሪ ያድላል፤ ከዲስክ፣ ከኔትወርክና ከስክሪን ጋር ይነጋገራል። ሊነስ ቶርቫልድስ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ለሕዝብ ያሳወቀው ሊኑክስ ዛሬ ከ30 ሚሊዮን መስመር በላይ ኮድ አለው። ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ በዓለም ፈጣን ተብለው የሚመዘገቡት 500 ሱፐር ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚሠሩት በእሱ ነው። መርካቶ የተገዛ ርካሽ አንድሮይድ ስልክም ውስጡ ሊኑክስ ነው። ኮዱ ክፍት በመሆኑ ማንም ማሻሻያ መላክ ይችላል፤ ዲግሪ የሚጠይቅ የለም። የሚመዘነው ሥራው ነው። ሥራው ስል ደግሞ ከኮዱ ይበልጥ አብሮት የሚሄደውን ደብዳቤ ማለቴ ነው።

የሚላከው ማሻሻያ ፓች ይባላል፤ የተቀደደ ልብስ የሚጣፍበት እራፊ ማለት ነው፣ ስሙም ይገባዋል። ሙሉ ፋይል አይላክም። የተለወጡት መስመሮች ብቻ፣ ከላይና ከታች ሦስት ሦስት ጎረቤት መስመር ይዘው ይሄዳሉ። የሚወጣው መስመር ፊቱ ላይ የመቀነስ፣ የሚገባው የመደመር ምልክት ይደረግበታል። እራፊው ቦታውን የሚያገኘው በእነዚያ ጎረቤቶች እየተመራ ነው።

ከእራፊው በላይ ደብዳቤው ይሰፍራል። ርእሱ በክፍሉ ስም ይጀምርና ሁለት ነጥብ ተደርጎ፣ ምን እንደሚደረግ በትእዛዝ አንቀጽ ይጻፋል። «አስተካክያለሁ» ወይም «ይህ ፓች ያስተካክላል» አይባልም፤ «ምዝገባው ሲከሽፍ ሜሞሪውን አስለቅቅ» ይባላል። ጸሐፊው ኮዱን እያዘዘው ነው። ይህ ሁሉ ከ75 ፊደል ባልበለጠ አንድ መስመር መጠናቀቅ አለበት። ቀጥሎ ችግሩ ይተረካል፦ ምን ይበላሻል? መቼ? ተጠቃሚውን ምን ይጎዳዋል? ለምንስ በዚህ መንገድ ተፈታ? «ያፈጥናል» ያለ ሰው ለክቶ ያገኘውን ቁጥር ያቀርባል። ስህተቱን ያመጣው የቀድሞ ለውጥ የሚታወቅ ከሆነ መለያው በ12 ፊደልና ቁጥር ይጠቀሳል፤ የቆዩ የከርነል ቅጂዎችን የሚጠብቁት ሰዎች እርማቱ የትኞቹ ቅጂዎች ድረስ መውረድ እንዳለበት የሚያውቁት በዚህ ነው። ስለዚህ አንድ መስመር ኮድ አሥራ አምስት መስመር ማብራሪያ ይዞ ቢመጣ ማንም በዛ አይልም። ከከርነል ሠራተኞች ልማድ ሁሉ እኔ አብልጬ የምወደው ይህን ነው። ኮዱ ምን እንደሚሠራ ራሱ ይናገራል፤ ለምን እንደተሠራ ግን ሰው ካልጻፈው ጠፍቶ ይቀራል።

ሌላው ብርቱ ሕግ አንድ ፓች አንድ ነገር ብቻ ይሥራ የሚለው ነው። ሜሞሪውን ያስለቀቀ ሰው እግረ መንገዱን አጠገቡ ያለውን የተንጋደደ አጻጻፍ ቢያቃና ሁለቱ በሁለት ፓች ይለያያሉ። ሥራው ሰፍቶ አሥር ፓች ቢሆን ደግሞ እያንዳንዱ በተራው ሲለጠፍ ከርነሉ ኮምፓይል መደረግም መሥራትም አለበት። አምስተኛው ያፍርስ፣ ስድስተኛው ይጠግናል ማለት አይቻልም። ጀማሪ ላኪ ይህን የጥብቅ አስተማሪ አመል አድርጎ ሊያየው ይችላል፤ ምክንያቱ የሚገባው ቢሴክትን ያየ ቀን ነው።

ቢሴክት የኮድ ለውጦችን ታሪክ የሚመዘግበው የጊት አንድ መሣሪያ ነው። ጊትን ራሱን ቶርቫልድስ በ2005 የጻፈው ለዚሁ ለከርነሉ ሥራ ነበር። ባለፈው ወር ይሠራ የነበረ ዋይፋይ ዛሬ እምቢ አለ እንበል፤ በመካከሉ 1,000 ለውጥ ገብቷል። ቢሴክት መካከለኛውን ያወጣል። ያንን ከርነል አስነስተው ዋይፋዩን ይሞክራሉ። ከሠራ ከእሱ በፊት ያሉት ሁሉ ነጻ ናቸው፤ ካልሠራም ጥፋቱ እዚያው ወይም ከዚያ በፊት ነው። የቀረው ግማሽ እንደገና ይገመሳል። አሥር ጊዜ ያህል ሲደጋገም ጥፋተኛው ብቻውን ይቀራል፤ ያም አንድ ነገር ብቻ የሚሠራ አጭር ፓች ከሆነ ችግሩ ያለበት መስመር በዓይን ይታያል። በመንገድ ላይ ኮምፓይል የማይደረግ ፓች ከተገኘ ግን ለዚያ ጥያቄ መልስ የለም፤ ፍለጋው እዚያ ላይ ይደናቀፋል።

ከደብዳቤው ግርጌ ፊርማ አለ። «ሳይንድ ኦፍ ባይ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ የላኪው ስምና ኢሜይል ይጻፋል። ፊርማው ታሪክ አለው። በ2003 ኤስሲኦ የተባለ ኩባንያ የዩኒክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ንብረቴ ያለ ፈቃድ ሊኑክስ ውስጥ ገብቷል ሲል አይቢኤምን ከሰሰ፤ ክርክሩም ዓመታት ፈጀ። ፊርማው በማግስቱ ዓመት ተጀመረ። ፈራሚው ኮዱን ራሴ ጽፌዋለሁ፣ ወይም በክፍት ፈቃድ የማስረከብ መብት አለኝ ብሎ ይመሰክራል። ፓቹ በሌላ ሰው እጅ አልፎ በተላለፈ ቁጥር የዚያ ሰው ፊርማ ከሥር ይጨመራል፤ መስመሯ ከማን ተነስታ በማን በኩል እንደገባች ከላይ ወደ ታች ይነበባል። ማንነቱን የደበቀ ላኪ አይስተናገድም።

ከመላኩ በፊት «ቼክፓች» የሚባል ስክሪፕት የአጻጻፍ ግድፈቶችን ይለቅማል። ከርነሉ በክፍል በክፍል የተደለደለ ስለሆነም፣ የሚመለከተው ኃላፊ ወይም ሜንቴነር ማን እንደሆነ የሚናገር ሌላ ስክሪፕት ከኮዱ ጋር ይመጣል። የሚላከው በኢሜይል ነው፤ ያውም ያለ አባሪ፣ በተራ ጽሑፍ። አራሚው የፓቹን መስመር እዚያው ጠቅሶ አስተያየቱን ከሥሩ መጻፍ ስላለበት ነው። አንዳንድ የኢሜይል ፕሮግራም ታብን ወደ ክፍት ቦታ ይለውጣል፤ ያን ጊዜ እራፊው ቦታውን አያገኝም። ልምድ ያላቸው ሰዎች መጀመሪያ ለራሳቸው ልከው፣ የደረሳቸውን ለጥፈው ይሞክሩታል።

መልሱ በማግስቱ ላይመጣ ይችላል፤ ሳምንት ሳይሞላ መወትወት አይገባም። ሲመጣም ብዙ ጊዜ ጥያቄ ነው፦ «ይህ ሌላኛው መውጫ ላይስ አይፈስም?» ላኪው አርሞ ሁለተኛ ቅጂ ይልካል፤ የተለወጠውን ከሦስት ሰረዝ በታች ይዘረዝራል። ከሰረዙ በታች ያለው ለአራሚዎች ብቻ ነው፣ ወደ ታሪኩ መዝገብ አይገባም። ሦስተኛና አራተኛ ቅጂ መላክ የተለመደ ነው፤ ነውርም የለበትም።

አዲስ ከርነል በየ9 ወይም በየ10 ሳምንቱ ይወጣል። አዲስ ነገር የሚገባው በዙሩ የመጀመሪያ ሁለት ሳምንት ሲሆን ከዚያ ወዲህ ያለው ጊዜ የእርማት ነው። የእኛ መስመር እርማት ናትና ሜንቴነሩ ፊርማውን ካከለባት በኋላ በዚህ ጊዜም መግባት ትችላለች። ከዓመታት በኋላ ሌላ ፕሮግራመር፣ ምናልባት ሌላ ክፍለ ዓለም ሆኖ፣ ድራይቨሩን ሲያነብ እሷ ላይ ይደርስና ማን፣ መቼ፣ ለምን እንዳስገባት ጊትን ይጠይቃል። ደብዳቤው ይከፈትለታል፦ ሴንሰሩ፣ የከሸፈው ምዝገባ፣ ያልተመለሰው ሜሞሪ።