ስም ያልተጻፈበት ጆንያ

በ2000 ዓ.ም. የጃፓን ተቆጣጣሪዎች ከኢትዮጵያ በተላከ ቡና ላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አገኙ። አብዛኛው ገበሬያችን ቡናው ላይ መድኃኒት አይረጭም፤ ጥርጣሬው ያረፈው በጆንያው ላይ ነበር። ገዢው ግን ላኪ ከላኪ አልለየም። ንጹሕ ጆንያ የገዛውም፣ ሌላ ነገር ተይዞበት የነበረውን የሞላውም እኩል ገበያ አጡ።

በዚያው ዓመት ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2001 ቡናን ማገበያየት ያዘ። አንድ የቆየ በደል አስቀረ፤ ቀድሞ ላኪው ቡናውን ተረክቦ አቅራቢውን «ነገ ተመለስ» እያለ ያመላልሰው ነበር፣ አሁን ክፍያው በማግስቱ ባንክ ይገባ ጀመር። ነገር ግን መጋዘን የገባ ቡና በአካባቢና በደረጃ ተመድቦ ይቀላቀል ነበር። ቀይ እሸት ብቻ የለቀመው፣ ሚዛን ያልሰረቀው፣ አልጋ ላይ በጥንቃቄ ያደረቀው ሁሉ ስሙ መጋዘን በር ላይ ይቀር ነበር።

ከዚህ ካመለጡት መካከል በቀጥታ እንዲልኩ የተፈቀደላቸው የገበሬ ኅብረት ሥራ ዩኒየኖች ነበሩ። በ1991 የተቋቋመው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን ከትርፉ ለአባላቱ መልሶ ይከፍላል፤ የውጭ ገዢውም ገንዘቡ የት እንደደረሰ መጠየቅ ይችላል። ለሌሎቹ በሩ የተከፈተው በአዋጅ ቁጥር 1051/2009 ነው።

በእኔ ግምት ግን ከቅልቅሉ ይልቅ የከፋው ዶላሩ ነበር። የውጭ ምንዛሪ በጠፋባቸው ዓመታት ቡና አገር ውስጥ በውድ ተገዝቶ ውጭ በኪሳራ ይሸጥ ነበር፤ ኪሳራውም በዶላሩ ከገባው ብረትና ጎማ ይካካስ ነበር። እንዲህ ያለው ነጋዴ ቡናው ማንን እንዳኮራ ወይም እንዳሳፈረ ለምን ይገደዋል? ውል አፍርሶ ሲጠፋ የሚጎዳው ስም የሱ ሳይሆን የይርጋ ጨፌ፣ የሲዳማ፣ የሐረር ነው። ቡናውን አምኖ ለዓመታት የደከመ ላኪ ከዚህ ሰው ጋር በአንድ ዋጋ ይወዳደር ነበር።

አሁን ጥያቄው ከአውሮፓ መጥቷል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ሕግ ወደ ገበያው የሚገባ እያንዳንዱ ቡና የበቀለበት ማሳ በካርታ እንዲታወቅ፣ ከ2020 መጨረሻ ወዲህም ደን እንዳልተመነጠረበት እንዲረጋገጥ ያዛል። ለሩብ ሄክታር ገበሬ ይህ ቀላል ሸክም አይደለም። እሸት ከማን እንደተረከበ በደብተር ሲጽፍ የኖረ ባለ ማጠቢያ ጣቢያ ቢያንስ የማንን በር እንደሚያንኳኳ ያውቃል። መንገድ ዳር ከሰብሳቢ የገዛውን ሲደባልቅ የኖረው ግን፣ ገበሬዎቹ እነማን እንደነበሩ መጠየቅ ገና መጀመሩ ነው።