ጠላን የሚያጣፍጠው የወይራ ጭስ

በአውሮፓና በአሜሪካ በቤታቸው ቢራ የሚጠምቁ ሰዎች፣ እሳት ያየ የኦክ እንጨት ስንጥር በቢራው ውስጥ ይዘፈዝፋሉ። እንጨቱ ሲጠበስ ሊግኒን የተባለው ክፍሉ ይፈርስና እንደ ቫኒላ የሚሸት ንጥረ ነገር ይፈጠራል፤ ቢራውም ያን መዓዛ ቀስ በቀስ ይስባል። በኢትዮጵያ ጠላ ጠማቂዎች ዘንድ የኦክን ቦታ የያዘው ወይራ ነው፤ እርሱ ግን አይዘፈዘፍም፣ ይጨሳል።

ጋኑ አስቀድሞ በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ይታጠባል፤ በሚገባም ይደርቃል። ቀጥሎ የወይራ ስንጥር በፍም ላይ ይደረግና ጋኑ አፉን ወደ ታች አድርጎ ለ10 ደቂቃ ያህል ይታጠናል። ሸክላ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ስላሉት ጭሱን ይመጥጣል፤ ጥንስሱ ሲገባበት መዓዛውን መልሶ ይሰጣል። የጌሾው ምሬትና የብቅሉ ጣፋጭነት የሚለዩት ጭሱ ልከኛ ሲሆን ነው። ከመጠን ካለፈ ጠላው ምድጃ ምድጃ ይላል።

ከድሬዳዋ ከተማ በስተምዕራብ በምትገኘው መልካ ጀብዱ ነገሩ ከጣዕም ያልፋል። የቆላው ሙቀት የጠላውን መፍላት ያፋጥናል፤ መምጠጡንም እንዲሁ። በጭሱ ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች በጋኑ ግድግዳ ላይ የሚቀሩ ተሕዋስያንን ያዳክማሉ። በምሥራቅ ኢትዮጵያ ግመልና ከብት የሚያረቡ ቤተሰቦች የወተት ዕቃቸውን የሚያጥኑትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ጠላ በማይገባበት ቤት እንኳ ጥበቡ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ማጠን ማጠብን አይተካም። ያልታጠበ ጋን ቢታጠን እድፉ ሽታው ይሸፈናል እንጂ አይወገድም። የመጠጠ ጠላንም ጭስ አይመልሰውም።

አስቸጋሪው የፕላስቲክ በርሜልና ጀሪካን ነው። ፕላስቲክ በጭሱ ሙቀት ይለሰልሳል፤ እንደ ሸክላም መዓዛ አምቆ አይሰጥም። ስለዚህ ለምግብ በተሠራ ፕላስቲክ የሚጠምቅ ሰው ጠላው የሚቀዳበትን የሸክላ ማሰሮ ቢያጥን ይሻለዋል። ኬሚካል የነበረበት በርሜል ግን በምንም ዓይነት እጥበት ለመጠጥ አይሆንም። ማጠኑም ከቤት ውጭ ወይም በሩ በተከፈተ ክፍል ይከናወን፤ የፍም ጭስ በተዘጋ ቤት ሰው ይገድላል።

ወይራ የወይና ደጋና የደጋ ዛፍ በመሆኑ ለመልካ ጀብዱ ሰው ከከፍተኛው ምድር ተጭኖ የሚመጣ ነው። ዕድገቱ አዝጋሚ ነው፤ ጠንካራ በመሆኑም ለከሰልና ለቤት ሥራ ይፈለጋል። ለአንድ ጋን ጥቂት ስንጥር ስለሚበቃ ግንድ መቁረጥ አያስፈልግም፤ የተመለመለ ቅርንጫፍ ወይም ከአናጺ የተረፈ ፍላጭ ይበቃል። ቀለም ወይም ቫርኒሽ የነካው ፍላጭ ግን ለማጠኛ አይውልም።