ክፉ ዓመትን አስቀድሞ መተመን

ሰሜን ወሎ፣ መርሳ ላይ «ሰባ ሰባት» ሲባል የትኛው ዓመት እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። የ1977 ዓ.ም.ን የመሰለ ድርቅ ዳግም ቢመጣ ስንት ቤተሰብ ይጎዳል፣ ስንት ገንዘብስ ያስፈልጋል ብሎ አስቀድሞ ማስላት ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የአደጋ ስጋት ተማኝ እንበለው። ይህ ሰው ነቢይ አይደለም፤ ዘንድሮ ድርቅ ይሆናል አይልም። እንዲህ ያለ ዓመት በስንት ዓመት አንዴ ይመጣል፣ ሲመጣስ ምን ያህል ያጠፋል? ሥራው እሱ ነው።

መርሳ ያለችበትን የሐብሩ ወረዳን እንውሰድ። የዓመቱ ዝናብ ድምር ደህና ቢመስልም፣ ማሽላው ዛላ በሚያወጣበት ሰሞን ከተቋረጠ ፍሬው አይሞላም። ስለዚህ ተማኙ ከዝናቡ መጠን ይልቅ የመጣበትንና የቀረበትን ቀን አጥብቆ ይፈልጋል። ይህም ገና ግማሽ ሥራ ነው። ጎን ለጎን የሚያርሱ ሁለት ጎረቤታሞችን አስቡ። አንዱ ጎተራው ውስጥ የከረመ እህል አለው፤ ሌላው አምና በሬውን ሸጧል። ዝናቡ ለሁለቱም እኩል ቀረ፣ ጉዳቱ ግን እኩል አይሆንም።

ይህን ነገር ከማንም በላይ አጥብቀው የተናገሩት ጂኦግራፈሩ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያም ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1977 የኢትዮጵያ ገጠር ለረሃብ የነበረውን ተጋላጭነት ባጠኑበት መጽሐፍ፣ ድርቅና ረሃብ አንድ እንዳልሆኑ ተከራክረዋል። በእኔ እምነት የዚህ ሙያ ኢትዮጵያዊ መሠረት እዚያ ላይ ተጥሏል።

ስሌቱ ወደ ገንዘብ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። የዓለም ምግብ ፕሮግራም ለኢትዮጵያ ድርቅ አክሳ ሪ ከተባለው የመድን ኩባንያ ጋር ውል ገባ፤ 930 ሺህ ዶላር ከፍሎ፣ በ26 የሜትሮሎጂ ጣቢያዎች የተመዘገበው ዝናብ ከተወሰነው ልክ ቢወርድ እስከ 7.1 ሚሊዮን ዶላር ሊያገኝ። ዝናቡ ጥሩ ሆነና ክፍያ አልተፈጸመም። ውሉ ግን ትልቅ ነገር አሳየ፦ እርዳታ ሰው ከተራበ በኋላ ከሚለመን፣ አስቀድሞ ሊዘጋጅ ይችላል።

ችግሩ ጣቢያው ያለበትና ማሳው ያለበት ቦታ መለያየቱ ነው። ወልድያ ላይ ዘንቦ መርሳ ቆላ ሊደርቅ ይችላል። ያኔ ገበሬው ከስሮ ሳለ መዝገቡ «ደህና ነው» ይላል። ለዚህ ነው እ.ኤ.አ. በ2009 ትግራይ፣ አዲሓ ላይ በ200 ቤተሰቦች የተጀመረው የዝናብ መድን ሲዘጋጅ ከሳተላይት መረጃ ጋር የገበሬዎቹም ትዝታ የተጠየቀው፦ የትኞቹ ዓመታት ከፉ?

ሙያው ስታትስቲክስ፣ ሜትሮሎጂና ግብርና ይጠይቃል። እነዚህን ወልድያ ላይ ለምትማሩ አንድ አደራ አለኝ፦ ለእረፍት ወደ አገራችሁ ስትገቡ አያቶቻችሁን የክፉ ዓመቶችን ዝርዝር ጠይቋቸው። ዝናቡ በየትኛው ወር እንደቀረ፣ ከብቱ መቼ እንደተሸጠ፣ ሰው መቼ እንደተሰደደ ጻፉና አስቀምጡ።