የፓይተን ሼልና አጠቃቀሙ

ሼል ማለት በእንግሊዝኛ ቅርፊት ማለት ሲሆን፥ በኮምፒውተር ሙያ ግን ትእዛዝ ጽፈን መልሱን ወዲያው የምናነብበት ገጽ ነው። ዛሬ የምናወሳው ሆላንዳዊው ጊዶ ቫን ሮሱም በ1991 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ያቀረበው የፓይተን ቋንቋ ያለውን ሼል ነው።

መካኒሳ አቦ የሚኖር አንድ የመንግሥት ሒሳብ ሠራተኛ ከእራት በኋላ ለጡረታ የሚቆረጥበትን 7 በመቶ ሊያሰላ ፈለገ እንበል። ሼሉ >>> የሚል ምልክት አቅርቦ ይጠብቀዋል። ሰውየውም «ደመወዝ = 9000» ብሎ ይጽፋል፤ ቀጥሎ «ደመወዝ * 7 / 100» ሲል 630.0 የሚል መልስ ያገኛል። «ደመወዝ - _» ቢል ደግሞ 8370.0 ይወጣለታል፤ ያች ትንሽ የግርጌ መስመር የመጨረሻውን መልስ ይዛ ስለምትቆይ ቁጥሩን ዳግመኛ መጻፍ አያሻም።

በፊደላችን ስም ማውጣት የተቻለው በ2008 እ.ኤ.አ. ከወጣው 3.0 እትም ወዲህ ነው። ሆኖም ፓይተን እንደ እኛ ስሕተትን አልፎ የሚያነብ አይደለም። «ደመወዝ» ያልነውን «ደሞዝ» ብንለው አያውቀውም፤ በንጉሡ ሠ የጻፍነውን «ሠራተኛ» በእሳቱ ሰ ብንጽፈው ሌላ ሰው መጣብኝ ይላል። ስለ ሞክሼ ፊደላት ስንከራከር ለኖርን ሰዎች ይህ ጥብቅ ዳኛ ነው! በግዕዝ አኃዝ «፭» ብለን ብንጽፍለትም እንደ ቁጥር አይቀበለንም።

ቀድሞ ሼሉን ለመዝጋት «ኤግዚት» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ጽፈን ቅንፍ ካልጨመርንበት፥ መውጣት መፈለጋችንን እያወቀ «ቅንፍ ጨምሩ» ብሎ ይመልሰን ነበር፤ ጉዳዩን እያወቀ ቅጽ አልተሞላም እንደሚል ጸሐፊ ማለት ነው። መስከረም 27 ቀን 2017 ዓ.ም. የወጣው 3.13 እትም ይህን አስቀርቶታል። ከዚህም በላይ ብዙ መስመር ያለውን ጽሑፍ በአንድነት መልሶ ማረም ይቻላል፤ ቀድሞ እያንዳንዱን መስመር ለየብቻው ማምጣት ግድ ነበር። ኤፍ 1 መመሪያ ያሳያል፤ ኤፍ 2 የቀድሞ ትእዛዞችን ይዘረዝራል፤ ኤፍ 3 ረጅም ጽሑፍ ለመለጠፍ ያገለግላል።

ለመሥሪያ ቤት ሰው ግን አንድ ብርቱ ነገር አለ። ሼሉ ሲዘጋ በስም ያስቀመጥናቸው ዋጋዎች ሁሉ ይጠፋሉ፤ «ደመወዝ» የሚለውን ስም በማግሥቱ ብንጠራው መልስ የለውም። የጻፍናቸው ትእዛዞች ግን በታሪክ መዝገብ ፋይል ውስጥ ይቀራሉ። ስለዚህ አንድ ኮምፒውተር በአንድ የመግቢያ ስም ለብዙ ሰው በሚያገለግልበት ቢሮ፥ ከእኛ በኋላ የተቀመጠው ባልደረባ ወደ ላይ የሚያመለክተውን ቀስት ቢጫን የጻፍነውን የሰው ደመወዝ፥ ይልቁንም የይለፍ ቃል ጽፈን እንደ ሆነ እርሱን ጭምር ያነበዋል። ይህ ፋይል በተጠቃሚው ዋና አቃፊ ውስጥ የሚገኝ ሲሆን ስሙ በነጥብ ስለሚጀምር በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ተሰውሮ ይቀመጣል፤ ፈልጎ መሰረዝ ይቻላል፤ መሰረዙም ሼሉን አይጎዳውም።